«ጥሩ ነው፤ ግን አይመረጥም»

የማኅበራችን የመሪዎች ምርጫ በተቃረበ ቁጥር፣ በምግብ አዳራሹም ሆነ በመኝታ ቤቱ መተላለፊያ አንድ አባባል ደጋግሞ ይሰማል። «ልጁ ጥሩ ነው፤ ግን አይመረጥም» ይባላል። ይህን የሚሉት ጠላቶቹ አይደሉም፤ ወዳጆቹ ናቸው። ጠላት ቢለው ክርክር ይነሣ ነበር። ወዳጅ ሲለው ግን ምክር ይመስላል፤ ምክር የመሰለ ነገር ደግሞ ሳይመረመር ያልፋል።

ባለፈው ዓመት አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ለማኅበሩ ሊቀ መንበርነት ስሟን ካስመዘገበች በኋላ፣ በአራተኛው ቀን መልሳ አሰረዘችው። ምክንያቷን ብንጠይቃት «ሁሉም አንቺ ትሻያለሽ ይሉኛል፤ ሁሉም ደግሞ ሌላው አይመርጥሽም ይሉኛል» ስትል መለሰችልን። ይህን «ሌላው» የተባለውን ሰው ከዚያ በኋላ ብንፈልገው አላገኘነውም። የጠየቅነው ሁሉ እሱ ራሱ ሊመርጣት ዝግጁ እንደ ነበረ፣ የፈራው ግን ጎረቤቱን እንደ ሆነ ነገረን። እውነቱን ለመናገር፣ እኛም የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች ከመካሪዎቿ መካከል ነበርን። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ የራሳችንንም ስሕተት ለማረም ጭምር ነው።

ሰው የራሱን ጉዳይ በቅርቡ ሲያይ ስሜቱ ይጋርደዋል። ስለዚህ ነገሩን ራቅ አድርገን፣ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከተፈተነበት አገር ወስደን እንመልከተው። ያም አገር አሜሪካ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

በአሜሪካ አንድ ፓርቲ ከሌላው ፓርቲ ጋር ከመግጠሙ በፊት፣ በመጀመሪያ በራሱ ሰዎች መካከል ዕጩውን ይመርጣል። ይህ በየግዛቱ የሚደረገው ውድድር ቅድመ ምርጫ ይባላል። በቅድመ ምርጫ ቀን ወደ ድምፅ መስጫው የሚሄደው የፓርቲ ሰው በልቡ ሁለት ጥያቄ ይዞ ይሄዳል። አንደኛው «ከነዚህ ሰዎች ማን ይሻላል?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ከእነዚህ ሰዎች የሌላውን ፓርቲ ተወዳዳሪ ማን ያሸንፋል?» የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መልስ ሲኖራቸው ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው መልሳቸው ሲለያይ ነው።

ለዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅሰን ምሳሌ በ1960 በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የተደረገው የዲሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ነው። የተወዳደሩት ሁለት ሴናተሮች ነበሩ፤ አንዱ የማሳቹሴትሱ ጆን ኬኔዲ፣ ሌላው የሚኔሶታው ሁበርት ሃምፍሪ። ኬኔዲ በዚያን ጊዜ የ42 ዓመት ሰው ነበር። ገንዘብ፣ ትምህርትና አንደበት አልጎደለውም። በፓርቲው መሪዎች ዘንድ ግን «ጥሩ ነው፤ ግን አይመረጥም» የሚያሰኘው አንድ ነገር ነበረበት። ካቶሊክ ነበር።

ይህ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ከዚያ 32 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1928፣ የኒው ዮርክ አገረ ገዥ የነበረው ካቶሊኩ አል ስሚዝ በዲሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩነት ቀርቦ ነበር። ሄርበርት ሁቨር 444 የመራጭ ወኪሎችን ድምፅ ሲያገኝ ስሚዝ 87 ብቻ አገኘ። ለብዙ ዓመታት ዲሞክራቶችን ብቻ ይመርጡ የነበሩ የደቡብ ግዛቶች ሳይቀሩ ጥለውት ሄዱ፤ የገዛ ግዛቱ ኒው ዮርክም ከዳችው። ለሽንፈቱ ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩ፤ አገሪቱ በዚያን ጊዜ በብልጽግና ላይ ነበረች፣ ስሚዝም የመጠጥ ክልከላውን ሕግ ይቃወም ነበር። ሆኖም በፓርቲው ሰዎች ልብ ውስጥ የቀረው ትምህርት አንድ ነበር፤ ካቶሊክ አይመረጥም የሚል። ከ32 ዓመት በኋላም ይህን የሚሉት ፕሮቴስታንቶች ብቻ አልነበሩም። የፔንሲልቫኒያው አገረ ገዥ ዴቪድ ሎረንስ ራሱ ካቶሊክ ሆኖ ሳለ፣ ካቶሊክ ዕጩ ፓርቲውን ያሸንፋል ብሎ ለማመን ብዙ አመነታ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ሎረንስ ኬኔዲን በሃይማኖቱ አልጠላውም፤ የፈራው ሌላው ሰው ይጠላዋል ብሎ ነው።

በ1960 አብዛኞቹ ግዛቶች ቅድመ ምርጫ አያደርጉም ነበር። የፓርቲው ጉባኤ መልእክተኞች የሚመረጡት በየግዛቱ ስብሰባና በፓርቲው አለቆች ፈቃድ ነበር። ስለዚህ ጥቂቶቹ ቅድመ ምርጫዎች ዋና ጥቅማቸው መልእክተኛ ማብዛቱ አልነበረም፤ ለአለቆቹ ማስረጃ ማቅረቡ ነበር። የዌስት ቨርጂኒያው ድምፅ ጭራሹን መልእክተኞቹን በሕግ የማያስገድድ፣ የሕዝብ ፈቃድ መግለጫ ብቻ ነበር። ኬኔዲ ግን ወደዚያ የሄደው መልእክተኛ ፍለጋ አይደለም፤ «አይመረጥም» የሚለውን ቃል በአደባባይ ለማስፈተን ነው።

ፈተናው ከባድ ነበር። ኬኔዲ በሚያዝያ ወር ዊስኮንሲን ላይ ሃምፍሪን አሸንፎ፣ ከ10 የምርጫ ወረዳዎች 6ቱን ወስዶ ነበር። ዳሩ ግን ወሬው «ካቶሊኮች ስለ መረጡት ነው» የሚል ስለ ሆነ ድሉ ጥያቄውን ከመዝጋት ይልቅ አባባሰው። በዌስት ቨርጂኒያ ግን ካቶሊኩ ከመቶ 5 ያህል ቢሆን ነው፤ የቀረው ሕዝብ በብዛት ፕሮቴስታንት፣ በከሰል ማዕድን ሥራ የሚኖር፣ ማዕድን ቤቶቹ በመሣሪያ ሲተኩ ሥራውን ያጣ ድኻ ነበር። ከምርጫው ብዙ ወራት በፊት ለኬኔዲ የተደረገ የአስተያየት መጠይቅ እሱ በሰፊው እንደሚመራ አሳይቶ ነበር። ኋላ ግን ሕዝቡ ካቶሊክ መሆኑን ሲያውቅ ቁጥሩ ተገልብጦ ሃምፍሪ መራ።

ኬኔዲ ምን አደረገ? አማካሪዎቹ ከፊሎቹ ስለ ሃይማኖቱ ጭራሽ አታንሣ ብለውት ነበር። እሱ ግን አነሣው። በየከሰል ማዕድኑ በርና በየአደባባዩ ቆሞ፣ ወደ ባሕር ኃይል ሲገባ ሃይማኖቱን የጠየቀው ሰው እንዳልነበረ፣ በጦርነቱ የሞተው ወንድሙም ተልእኮውን ከመቀበሉ በፊት ካቶሊክ ነህ ወይስ ፕሮቴስታንት ተብሎ እንዳልተጠየቀ ተናገረ። ምርጫው ሊደረግ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ በግንቦት 4 ቀን፣ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች በግዛቲቱ ዋና ከተማ በቻርልስተን በቴሌቪዥን ፊት ተከራከሩ። በግንቦት 10 ቀን ድምፁ ሲቆጠር ኬኔዲ ከመቶ 61 ያህል አገኘ። ሃምፍሪ በዚያችው ሌሊት ከውድድሩ ወጣ። ሲጠራጠሩ የነበሩት የፓርቲ አለቆችም አንድ በአንድ ሐሳባቸውን ለወጡ።

ይህን ታሪክ እንደ ተረት አሳምረን ብናቀርበው አንባብያንን ማታለል ይሆንብናል። ኬኔዲ ያሸነፈው በንግግር ብቻ አይደለም። የአባቱ ሀብት ከኋላው ነበረ። ሃምፍሪ ራሱ፣ ከባለ ብዙ ቅርንጫፍ ሱቅ ጋር እንደሚወዳደር ትንሽ ነጋዴ ሆንኩ ብሎ አማርሯል። በየአውራጃው ለነበሩ የፓርቲ ሰዎች ገንዘብ ስለ መታደሉ ብዙ ተብሏል፤ በዚያ ግዛት የነበረው የምርጫ ልማድም ንጹሕ አልነበረም። በማዕድን ሠራተኞች ዘንድ እጅግ የተከበረው የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ልጅም ለኬኔዲ ሲቀሰቅስ፣ ሃምፍሪ በጦርነቱ ጊዜ አልዘመተም የሚል ነቀፋ ወርውሯል፤ ኋላም ተጸጽቶበታል። ስለዚህ ዌስት ቨርጂኒያ የቅዱሳን ውድድር አልነበረም። እኛ የምንወስደው ትምህርት ከዚህ ሁሉ አቧራ በታች ያለውን ነው።

ትምህርቱም ይህ ነው። ሁሉም ስለ ዌስት ቨርጂኒያ ፕሮቴስታንት ይናገር ነበር፤ የዌስት ቨርጂኒያ ፕሮቴስታንት ግን ገና አልተናገረም ነበር። ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ስለ እርሱ ከተገመተው የተለየ ሆነ። እንዲያውም ብዙ ሰው ኬኔዲን የመረጠው በጠባብነት መጠርጠሩ ስላሳፈረው ይመስለናል። ሰው እንደ ጠባብ ሲቈጠር ጠባብ አለመሆኑን ለማሳየት ይነሣል፤ ዕድሉ ግን ሊሰጠው ይገባል። አለቆቹ አስቀድመው «አይመረጥም» ብለው ኬኔዲን ቢያስቀሩት ኖሮ ያ ሕዝብ እስከ ዛሬ ባልፈጸመው ጥፋት ሲታማ በኖረ ነበር።

ፍርሃቱ ፈጽሞ ሐሰት ነበር አንልም። በኅዳር ወር ኬኔዲ ሪቻርድ ኒክሰንን ያሸነፈው 303 ለ219 በሆነ የመራጭ ወኪሎች ድምፅ ቢሆንም፣ ከ68 ሚሊዮን በላይ ከሆነው የሕዝብ ድምፅ ውስጥ የሁለቱ ልዩነት 120 ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። ሃይማኖቱ ብዙ ፕሮቴስታንት ድምፅ አሳጥቶታል፤ ብዙ የካቶሊክ ድምፅም አምጥቶለታል። እንግዲህ የአለቆቹ ስሕተት እንቅፋቱን ማየታቸው አይደለም። ስሕተታቸው እንቅፋትን እንደ ግድግዳ መቁጠራቸው ነው።

እስከዚህ ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ማን ያሸንፋል የሚለው ጥያቄ ከንቱ ነው፤ የወደድነውን መርጠን እንግባ» ሊል ይችላል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። በዚህ ላይ ደግሞ የደላዌር ግዛት ታሪክ አለ።

በ2010 የጆ ባይደንን የሴናተርነት መቀመጫ ለመያዝ የሪፐብሊካን ፓርቲ ሰዎች በደላዌር ቅድመ ምርጫ አደረጉ። አንደኛው ተወዳዳሪ ማይክ ካስል ነበር፤ የግዛቲቱ አገረ ገዥ የነበረ፣ ከዚያም ለዘጠኝ የሥራ ዘመን የኮንግሬስ አባል ሆኖ የተመረጠ፣ በሌላው ፓርቲ ሰዎች ዘንድ ሳይቀር የተወደደ ሰው። ሁለተኛዋ ክሪስቲን ኦዶኔል ነበረች፤ በፓርቲው ውስጥ የካስልን ለዘብተኝነት የጠሉት ሰዎች የደገፏት። አብዛኞቹ የአስተያየት መጠይቆች አንድ ነገር ይናገሩ ነበር፤ ካስል ከቀረበ ፓርቲው ያሸንፋል፤ እሷ ከቀረበች ይሸነፋል። መራጮቹ ግን በመስከረም 14 ቀን ከመቶ 53 ያህል ድምፅ ሰጥተው ኦዶኔልን መረጡ። በኅዳር ወር የዲሞክራቱ ክሪስ ኩንስ ከመቶ 57 ያህል ሲያገኝ እሷ 40 ብቻ አገኘች። ፓርቲው በእጁ የገባ መስሎት የነበረውን ወንበር በገዛ እጁ አስረከበ።

የዚህን ምክንያት ከቁጥሩ ማየት ይቻላል። በደላዌር የፓርቲውን ቅድመ ምርጫ የሚመርጡት በፓርቲው አባልነት የተመዘገቡት ብቻ ናቸው። በዚያ ቀን ድምፅ የሰጡት 57 ሺህ ያህል ነበሩ። በኅዳር የመረጡት ግን ከ300 ሺህ በላይ ነበሩ። 57ቱ ሺህ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ አገሩ ሁሉ እንደ እነርሱ የሚያስብ መሰላቸው። በአንድ ሠርግ ቤት የተሰበሰበ ሰው መንደሩ ሁሉ የሚዘፍን ይመስለዋል። እንግዲህ በዌስት ቨርጂኒያ የተሳሳቱት ሌላው ሰው ከእኛ ይከፋል ብለው የገመቱት ናቸው፤ በደላዌር የተሳሳቱት ደግሞ ሌላው ሰው እንደ እኛ ነው ብለው የገመቱት ናቸው። ሁለቱም ሌላውን አልጠየቁም፤ የደላዌሮቹ እንዲያውም መልሱ ተነግሯቸው አልሰሙም።

ሦስተኛው ምሳሌያችን የሳውዝ ካሮላይና ግዛት ነው። በዚያ ግዛት በዲሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ከሚመርጡት ከግማሽ የሚበልጡት ጥቁሮች ናቸው። በ2007 ባራክ ኦባማ ከሂላሪ ክሊንተን ጋር ሲወዳደር ከነዚህ መራጮች ብዙዎቹ ያመነቱ ነበር። ያመነቱት ሰውየውን ስለ ጠሉት አይደለም፤ ነጭ መራጭ አይመርጠውም፣ ድምፃችን ባክኖ ይቀራል ብለው ነው። ከዚያ በጥር 3 ቀን 2008 ሕዝቧ ከሞላ ጎደል ነጭ የሆነችው አዮዋ ኦባማን መረጠች። በጥር 26 ቀን ሳውዝ ካሮላይና ስትመርጥ ኦባማ ከመቶ 55፣ ክሊንተን 27 ያህል አገኙ። በሁለቱ ቀኖች መካከል የሰውየው ጠባይ አልተለወጠም፤ የመራጮቹም ፍላጎት አልተለወጠም። የተለወጠው መራጮቹ ስለ ሌላው ሰው የነበራቸው ግምት ነው።

ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ የዚያው ግዛት መራጮች ሌላ ዓይነት ፍርድ ሰጡ። ጆ ባይደን በአዮዋ አራተኛ፣ በኒው ሃምፕሺር አምስተኛ ሆኖ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦበት ነበር። በየካቲት 26 ቀን የግዛቲቱ ታዋቂ እንደራሴ ጄምስ ክላይበርን እንደሚደግፈው ተናገረ፤ በየካቲት 29 ቀን ባይደን ከመቶ 49 ያህል ድምፅ አግኝቶ በርኒ ሳንደርስን በሰፊ ልዩነት በለጠው። በኅዳርም ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በዚያ ዓመት በብዙ ግዛቶች ድምፅ ከሰጡት ዲሞክራቶች ከግማሽ የሚበልጡት፣ በሐሳብ ከሚስማማቸው ሰው ይልቅ ዶናልድ ትራምፕን የሚያሸንፈውን እንደሚመርጡ ተናግረው ነበር። አንዳንድ ወጣቶች ይህን ፈሪነት ብለው ሰድበውታል። እኛ ስድቡን አንቀበልም። ፓርቲው ቢሸነፍ የመጀመሪያውን ዱላ የሚቀበለው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ማን ያሸንፋል ብሎ ቢጠይቅ ጥንቃቄ ነው እንጂ ፈሪነት አይደለም። ሽንፈት ለአንዱ የመጽሔት ክርክር ነው፤ ለሌላው የዳቦና የሐኪም ቤት ጉዳይ ነው።

ሊቃውንቱም በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ መሳሳታቸውን ማስታወስ ይገባል። በ2016 በሪፐብሊካን ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ጊዜ፣ ትራምፕ በጠቅላላው ምርጫ ሊያሸንፍ አይችልም ያሉት የተማሩ ሰዎች ቁጥራቸው ብዙ ነበር፤ በኅዳር ግን አሸነፈ። የዚህን ሰው ሥራ መውደድም ሆነ መጥላት ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ የምንለው «አይመረጥም» የሚለው ቃል በሊቅ አፍ ሲነገርም ግምት ከመሆን አያልፍም ነው።

ይህ ነገር ለወገኖቻችንም ሩቅ አይደለም። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ፣ የአሜሪካ ዜግነት ያገኙ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። በቨርጂኒያ መራጭ በፓርቲ ስለማይመዘገብ ማንኛውም የተመዘገበ መራጭ ከሁለቱ ፓርቲዎች በአንዱ ቅድመ ምርጫ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል፤ በሜሪላንድ ግን የዲሞክራቱንም ሆነ የሪፐብሊካኑን ቅድመ ምርጫ የሚመርጠው የፓርቲው ተመዝጋቢ ብቻ ነው። አጎቶቻችንና አክስቶቻችን በዚያ ወረፋ ቆመው ይህንኑ ክብደት ይመዝናሉ፤ ስማቸው ለፈረንጅ አፍ የሚከብድ ልጆቻቸውም ነገ ዕጩ ሆነው ሲቀርቡ «ጎበዝ ነው፤ ግን በዚህ ስም አይመረጥም» መባላቸው አይቀርም።

እንግዲህ «አይመረጥም» የሚል ሰው ሲገጥመን ምን እንበለው? በበኩላችን አራት ጥያቄ እንድናቀርብለት እንመክራለን።

አንደኛ፣ አይመርጠውም የምትለው ሰው ማን ነው? ጠይቀኸዋል ወይስ ጠርጥረኸዋል? አምስት ሰው አምስቱም እኔ እመርጠዋለሁ፣ ሌላው ግን አይመርጠውም ካለ፣ በመካከላቸው ያለው «ሌላው» ጥላ ነው።

ሁለተኛ፣ ማስረጃህ ከየትኛው ምርጫና ከየትኛው ሕዝብ የተገኘ ነው? አል ስሚዝ የተሸነፈው በ1928 ነው፤ የ32 ዓመት ማስረጃ ምስክር ሆኖ ሲቆም ዕድሜው ይጠየቅ። የ57 ሺህ ሰው ስሜትም ለ300 ሺህ ሰው ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ እንቅፋቱ ሰውየው የሠራው ነው ወይስ የተወለደበት? ሰው በንግግሩ፣ በሥራው፣ በዝግጅቱ ማነስ አይመረጥም ቢባል ይህ ፍርድ ነው፤ ራሱም ሊያርመው ይችላል። በሃይማኖቱ፣ በዘሩ፣ በጾታው ወይም በትውልድ አገሩ አይመረጥም ሲባል ግን፣ ተናጋሪው ራሱ ጠባብ ባይሆንም ለጠባብነት ጠበቃ ቆሞለታል። ጠባቡ ሰው ድምፁን ሳይሰጥ፣ ደጉ ሰው ስለ እርሱ ሰጠለት ማለት ነው።

አራተኛ፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቀሃል ወይ? በመጀመሪያ ማን ይሻላል ብሎ ጠይቆ፣ ቀጥሎ ማን ያሸንፋል የሚል ሰው አእምሮውን ይዟል። ሁለተኛውን ጥያቄ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ግን የመጀመሪያውን ጨርሶ ሳይጠይቀው ይቀራል፤ ድል ለምን እንደ ፈለገም ይረሳዋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እስካሁን የዘረዘርነው ሁሉ ስለ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ነው። በቅድመ ምርጫ «ማን ያሸንፋል?» ብሎ መጠየቅ ሕጋዊ ጥያቄ የሚሆነው፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ምርጫ፣ ሌላ ተቃዋሚ፣ ሌላም መራጭ ስላለ ነው። የዌስት ቨርጂኒያ መራጭ ከኋላው የሃምሳ ግዛቶች ሕዝብ ነበረ፤ የዚያን ሕዝብ ልብ ቢገምት አይፈረድበትም።

በማኅበራችን ምርጫ ግን ከኋላችን ማን አለ? ሁለተኛ ዙር የለም። በሌላ በር የሚገባ መራጭ የለም። ድምፅ የሚሰጠው በዚህ ግቢ ያለ ተማሪ ነው፤ ቆጥሮ የሚያስታውቀውም ከመካከላችን የተሰየመ ኮሚቴ ነው። የምንፈራው «ሌላው» በምግብ አዳራሹ ከፊታችን ተቀምጦ ከእኛው ሳህን የሚጎርሰው ጓደኛችን ነው። እሱም እኛን ይፈራል። እንግዲህ ሁላችንም የምንፈልጋትን ልጅ ሁላችንም ሌላውን ፈርተን ብንተዋት፣ ያሸነፈን ማን ነው? ተቃዋሚ የሌለበት ሽንፈት ተሸንፈናል። ባለፈው ዓመት የሆነው ይህ ነው።

በዚያ ምክንያት የጎደለንን እናውቀዋለን። ያቺ ተማሪ ስሟን ስታስመዘግብ በእጇ የያዘችው ወረቀት የአዳራሽ ንግግር አልነበረም፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት እንዲራዘም፣ ከሩቅ አገር ለሚመጡ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሚረዳ ገንዘብ እንዲቋቋም፣ የማኅበሩም ሒሳብ በየሦስት ወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ የሚጠይቅ ዕቅድ ነበር። ከሦስቱ አንዱም ዓመቱን ሙሉ አልተነሣም። ቤተ መጻሕፍቱ ዛሬም በዚያው ሰዓት ይዘጋል። የመረጥነው ወንድማችን ክፉ ሰው አይደለም፤ የመረጥነው ግን ይመረጣል ስለ ተባለ ነው። ይመረጣል ስለ ተባለ መረጥነው፤ ስለ መረጥነውም ይመረጣል የተባለው እውነት ሆነ። በክብ ዞረን እዚያው ቆምን።

ማንን እንድትመርጡ ልንነግራችሁ አልተነሣንም፤ ይህ የጋዜጣችን ሥራ አይደለም። ያቺም ተማሪ ዘንድሮ ስሟን ታስመዝግብ አታስመዝግብ የራሷ ፈቃድ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ለማድረግ ወስነናል። አንደኛ፣ ስሙን ያስመዘገበ ማንኛውም ዕጩ በሚቀጥለው ዕትማችን እኩል አንድ አንድ ገጽ ይሰጠዋል፤ በገጹም ላይ ዕቅዱን እንጂ የማሸነፍ ዕድሉን አንጽፍም። ሁለተኛ፣ ዕጩዎቹ ሁሉ በአንድ ምሽት በአዳራሹ ፊት ለፊት ቆመው እንዲከራከሩ ለማኅበሩ ኮሚቴ ጥያቄ አቅርበናል። ኬኔዲና ሃምፍሪ በቻርልስተን ያደረጉትን እኛ በገዛ አዳራሻችን ማድረግ የሚሳነን ምክንያት አይታየንም። ሰውን ከሰማነው በኋላ አልመርጥህም ብንለው መብታችን ነው። ሳንሰማው «ሌላው አይመርጥህም» ብለን ማሰናበት ግን መብታችን አይደለም።

የዕጩዎች መዝገብ ገና አልተዘጋም። «ትሻላለህ፤ ግን» ተብሎ የነበረ ሁሉ ሄዶ ስሙን ያስመዝግብ። መራጩም ድምፁን ሲሰጥ ጎረቤቱን ሳይሆን ራሱን ይጠይቅ፤ ጎረቤቱም የራሱ ድምፅ አለው።